ከመናፈሻው ዳር ያለው ቤት ቅርስ ነው ወይስ አሮጌ ቤት?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየከተማው የኮሪደርና የመናፈሻ ሥራ ተጧጡፏል። ሰሜን ሸዋም አልቀረለትም። መናፈሻ ደግሞ ማን ይጠላል? ዛፍ ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፣ ልጆች ይሯሯጡበታል። ሥራው ሲጀመር ግን አብሮት የሚመጣ ጭቅጭቅ አለ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የምታውቁትን አንድ ሰፈር አስቡ። ከመናፈሻው ዳር የድሮ ባለ ሰገነት ቤት አለ እንበል። ማዶ የአርበኛ ሐውልት ቆሟል። ከበስተኋላ ቤተ ክርስቲያን ከነጽዱ አለ። አንዱ «ቅርስ ነው፣ እንዳይነካ» ይላል። ሌላው «ኧረ ተዉን፣ ዛሬ ነገ ሊወድቅ የደረሰ ቤት ነው» ይላል። ሦስተኛው «ዩኔስኮ ያልመዘገበው ምኑ ቅርስ ነው?» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

ከሦስተኛው እንጀምር፤ ቶሎ ያልቃልና። ዩኔስኮ የሚመዘግበው ለዓለም ሁሉ ተርፎ ዋጋ አለው የተባለውን ነው። እንደ ላሊበላ ያለውን። ላሊበላ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የሰፈራችሁ ቤት ግን ከዩኔስኮ ጋር ምንም የሚያገናኘው የለም። አገሪቱ የራሷ ሕግና የራሷ መዝገብ አላት። የሚበዛው የአገራችን ቅርስ የሚዳኘው በዚያ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ዋናው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ቋንቋው ከበድ ይላል፤ ሲፈታ ግን ሐሳቡ ቀላል ነው። የሰው ልጅ በአእምሮውና በእጁ የሠራው፣ በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በኪነ ጥበብ ወይም በእደ ጥበብ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ነገር ቅርስ ነው። የሚዳሰስም ሊሆን ይችላል፣ የማይዳሰስም። ከዚያ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ቅርሱን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ በሁለት መደበው። ለመላ አገሪቱ ታሪክ ጎልቶ የሚነገርለት ብሔራዊ ይሆናል። ሌላው በክልሉ ይጠበቃል። በሰፈር መናፈሻ ዙሪያ የምናያቸው አብዛኞቹ ቤቶች ቢመዘገቡ ዕጣቸው ክልላዊ ነው።

እንግዲህ ማርጀት ብቻውን ቅርስ አያደርግም ማለት ነው። መቶ ዓመት የሞላው ጎተራ ሁሉ ቅርስ አይደለም። በተቃራኒው ብዙም ያላረጀ ሕንፃ በአሠራሩ ወይም በውስጡ በተፈጸመው ነገር ቅርስ ሊሆን ይችላል። የምንወደው ብቻም አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጣርማ በር ላይ ያለውን ዋሻ ታውቁታላችሁ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ የሠራው ነው፣ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የሙሶሎኒ ዋሻ» ይለዋል። ስሙ ደስ አይልም። ግን የዚያን ዘመን ነገር የሚመሰክር ነው፣ መኪናም እያሳለፈ ኖሯል። ምስክርነቱ ለመመዝገብ ይበቃል፣ ፍቅር አይጠየቅበትም።

ብዙ ሰው ደግሞ ቤቱ ቅርስ ተባለ ማለት ተወረሰ ማለት ይመስለዋል። ስለዚህ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ ሜትር ይዞ ሲመጣ በሩን ይዘጋል። አዋጁ ግን ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። ለጥበቃ ሲባል መንግሥት የሚገባበት ሁኔታ በሕጉ አለ። መደበኛው ነገር ግን ባለቤቱ ባለቤት ሆኖ መቀጠሉ ነው። መኖር ይችላል፣ ማከራየት ይችላል። ዝም ብሎ ማፍረስ ወይም እንደፈለገ ማደስ ነው የማይችለው። ከእድሳት በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። የማይንቀሳቀስ ቅርስን ከቦታው ማንሳትም በጽሑፍ ፈቃድ ነው። ሆን ብሎ ያወደመ ሰው ደግሞ ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል።

ባለቤቱ ግዴታም አለበት። ቅርሱን በራሱ ወጪ መጠበቅ። አቅሙ ካልፈቀደ መንግሥት ሊያግዘው ይችላል ይላል ሕጉ። ይላል። ማመልከቻው ተራው እስኪደርስ ሁለት ክረምት ያልፋል እንጂ።

የባለቤት የለሽ ቤት ነገር

ለምንድን ነው ታዲያ ከመናፈሻው ዳር ያሉት ቤቶች እንደዚያ የተጎሳቆሉት? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ያለው ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ላይ ነው። በዚያ ወር የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ ሄዱ። ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች ሄዱ። የመኳንንቱና የነጋዴው ትልልቅ ቤት በአንድ ጊዜ የብዙ ቤተሰብ ቤት ሆነ። አዳራሹ በኮምፔርሳቶ ተከፈለ። ሰገነቱ ላይ አንድ ቤተሰብ፣ ምድር ቤቱ ላይ ሦስት ገባ። ኩሽናው በረንዳው ላይ ተቀጠለ።

ኪራዩ ደግሞ ብዙ ቦታ ለአሥርት ዓመታት ያኔ በተቆረጠበት ቀረ። በዚያ ገንዘብ ቆርቆሮ አይቀየርም። ተከራዩ «ቤቱ የቀበሌ ነው፣ ለምን ብዬ አድሳለሁ?» ይላል። ቀበሌው «በጀት የለኝም» ይላል። የቀድሞው ባለቤት ልጆች ዘወር ብለው አያዩትም፤ ማየቱም ያማል። ሁሉም እውነቱን ነው። በመሀል ቤቱ ይበሰብሳል።

ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቤቱ እስካሁን የቆመውም በዚሁ ምክንያት ነው። በግለሰብ እጅ ቢቆይ ኖሮ ገና ድሮ ፈርሶ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ በቆመበት ነበር። የቀበሌ ድህነት ሳያስበው ሞግዚት ሆነ። እነዚያ ተከራዮች በየክረምቱ ላስቲክ እየወጠሩ፣ የሚያፈሰውን እየደፈኑ ነው ያቆዩት። ቅርሱን ለማዳን ሲባል መጀመሪያ የሚባረሩት እነሱ ከሆኑ ግፍ ነው። ደግሞም ሰው የለቀቀው ቤት ጭስ የለውም፣ ጠራጊ የለውም፣ ውኃ ሲያንጠባጥብ የሚያይ ሰው የለውም። በአምስት ዓመት ውስጥ ይዘምማል።

ግንቡ የታለ?

የጎንደርን አብያተ መንግሥት ያየ ሰው ሰሜን ሸዋ መጥቶ «ይህ ሁሉ የንጉሥ አገር ተብሎ፣ ግንቡ የታለ?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱን ያላወቀ ሰው ደግሞ የሰሜን ሸዋን ቅርስ አያይም፣ ፊት ለፊቱ ቢቀመጥም።

ደብረ ብርሃን በ1446 ዓ.ም. እንደተቆረቆረች ይነገራል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በዚህ አካባቢ ሰፍሮ ሳለ ሌሊት ከሰማይ ብርሃን ታየ። ቦታውን ደብረ ብርሃን አለው። ቤተ ክርስቲያን አሠራ፣ ቀጥሎም ቤተ መንግሥት። እስኪሞት ድረስ የቀረ ዘመኑን በአብዛኛው እዚህ ኖረ። ልጁ በእደ ማርያም ግን ትቷት ሄደ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦርነት ሸዋን አዳረሰ። ከዘርዓ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ዛሬ ከመሬት በላይ ቆሞ የሚታይ ነገር የለም። የዛሬው የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሥራ ነው። (በነገራችን ላይ ጣሪያው ላይ የመላእክት ፊት የተደረደረው ታዋቂው ደብረ ብርሃን ሥላሴ የጎንደሩ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ አስጎብኚ ሳይቀር አለ።)

ከዚያ በኋላም የሸዋ መናገሻ አንድ ቦታ አልረጋም። አንኮበር በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተነሳች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን መካከል ሲመላለስ ኖረ። ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለደው አንጎለላ ነው። ከደብረ ብርሃን ብዙም የማትርቀው ልቼ ደግሞ በ1870 ዓ.ም. ምኒልክ ለአፄ ዮሐንስ የገበረባት ቦታ ናት። ከዚያ እንጦጦ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ። ከተማው ይነሳል፣ ይሄዳል። ማገዶው ሲያልቅ፣ ጦርነቱ አቅጣጫ ሲቀይር፣ ንጉሥ ሲለወጥ።

የሚነሳ ከተማ ደግሞ በድንጋይና በኖራ ብዙ አይገነባም። እንጨት፣ ጭቃ፣ ሣር፣ የድንጋይ ካብ። እነዚህ ቶሎ ይሠራሉ፣ ቶሎም ይሄዳሉ። አንኮበር ላይ እንኳ ከጥንቱ ቤተ መንግሥት የቀረው ጥቂት የድንጋይና የኖራ ግንብ ነው። ኮረብታው ላይ አሁን የምታዩት ሎጅ የድሮውን መልክ ተከትሎ በቅርቡ የተሠራ ነው። ጥሩ እንቅልፍ ይተኛበታል፣ ዕይታውም ልዩ ነው። ቅርሱ ግን ግንቡና ኮረብታው ነው።

ስለዚህ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከአንድ ቤተ መንግሥት የሚቀረው ምንድን ነው? የካብ መሠረት። የአመድ ንጣፍ። የሸክላ ስባሪ። አጥር ሆኖ የቆየ ድንጋይ። የቦታ ስም። የቤተ ክርስቲያን ጽድ። ሁሉም መሬት ውስጥ ወይም መሬት ላይ ነው። በዚህ አገር ያልተገነባበት ባዶ ቦታ ራሱ የቅርሱ ግማሽ ነው። መናፈሻ የሚሠራው ደግሞ የት ነው? ባዶ ቦታ ላይ።

ለዚህ ነው የመናፈሻ ቁፋሮ ከሕንፃ ቁፋሮ ባልተናነሰ ጥንቃቄ የሚሻው። ሰው «ዛፍ ነው የሚተከለው፣ ምን ይጎዳል?» ይላል። ነገር ግን መናፈሻ ሲሠራ መሬቱ ይደለደላል። የመብራት ገመድ ይቀበራል። የውኃ ቧንቧ ይቀበራል። ፏፏቴ ከተፈለገ ጉድጓድ ይቆፈራል። እስካቫተሩ በአንድ ጠዋት አምስት መቶ ዓመት የተኛውን አፈር ገልብጦ ገልባጭ መኪና ላይ ይጭነዋል። የቅርስ አዋጁ ለዚህ መልስ አለው። በመንገድ፣ በሕንፃም ሆነ በሌላ ቁፋሮ ላይ ቅርስ ያገኘ ማንም ሰው ወዲያው ማሳወቅና ያገኘውን እንዳለ መጠበቅ አለበት። ችግሩ ቀን ሠራተኛው የሸክላ ስባሪ ሲያይ «ገል ነው» ብሎ መወርወሩ ነው። ማንም አልነገረውማ። ቁፋሮው ሲጀመር አንድ ባለሙያ ግማሽ ቀን ቆሞ ለሠራተኞቹ ምን ዓይነት ነገር ሲያዩ እጃቸውን ማቆም እንዳለባቸው ቢያሳይ ብዙ ይተርፋል። ጥቁር የአመድ ንጣፍ ከታየ፣ በመስመር የተደረደረ ድንጋይ ከታየ፣ አጥንት ከታየ፣ ቁም።

አጥንት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት አስፈጀ። ዲያቆናቱ ግን ወደ ደብረ ብርሃን ተጋዙና ከከተማዋ ወጣ ብሎ በጥይት ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም የዲያቆናቱን ቁጥር 129 ብሎታል። አጥኚዎች በአጠቃላይ ያለቀው ሰው እሱ ካመነው በብዙ እንደሚበልጥ ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚታደስ ግድግዳ የለም፣ የሚጠገን ጣሪያ የለም። መሬቱ ብቻ ነው ያለው። መሬቱ ከተገለበጠ ምስክሩ ሄደ።

ቤቱን የሚገድለው

አሁን ወደዚያ ባለ ሰገነት ቤት እንመለስ። ብዙ ሰው አሮጌ ቤትን ዕድሜ የሚጥለው ይመስለዋል። ዕድሜ አይጥልም። የሚጥለው ውኃ ነው። ከውኃም በላይ ደግሞ ውኃውን እንዳይወጣ አድርጎ የሚዘጋበት ጥገና።

የድሮው ግድግዳ እንዴት ነው የተሠራው? ድንጋዩ በጭቃ ወይም በኖራ ተያይዟል። ላዩ በጭድ ጭቃ ወይም በኖራ ተለስኗል። ይህ ግድግዳ ክረምት ይረጥባል፣ በጋ ይደርቃል። ርጥበቱ በልስኑ በኩል ይወጣል። መቶ ዓመት የቆመው ይህን እያደረገ ነው። ከዚያ አንድ ደህና ሰው ይመጣና «ይጠንክር» ብሎ በሲሚንቶ ይለስነዋል። በመጀመሪያው ዓመት ያምራል። ቀለም ይቀባል፣ ፎቶ ይነሳል። ግን ሲሚንቶው ርጥበት አያሳልፍም። ከመሬት የሚሳበውና በጣሪያ የሚገባው ውኃ ግድግዳው ውስጥ ይታሰራል። ውስጡ ያለው ጭቃ ይላላል።

ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ውኃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል። ከልስኑ ሥር የታሰረው ርጥበት ሌሊት እየሰፋ፣ ቀን እየሟሟ ልስኑን ከድንጋዩ ይለያየዋል። ማየት ከፈለጋችሁ አንዱን በሲሚንቶ የታደሰ የድሮ ቤት ተጠግታችሁ ግድግዳውን በጣታችሁ አንጓ ኳ ኳ አድርጉት፤ ከጉልበት በታች ካለው ቦታ ጀምሩ። ደህናው ቦታ ደረቅ፣ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። የላላው ቦታ እንደ ባዶ ጀሪካን ይጮኻል። እንደዚያ ከጮኸ ከጀርባው ጭቃው ተበልቷል ማለት ነው። አንድ ቀን ልስኑ ከነድንጋዩ ተገርስሶ ይመጣል። ሰውም «አየህ፣ አርጅቶ ወደቀ» ይላል።

ሁለተኛው ገዳይ መንገዱ ነው። ይህ ትንሽ ያስገርማል። መንገድ በታደሰ ቁጥር ከፍ ይላል። ጠጠር ይደፋል፣ ከዚያ ኮብልስቶን ይነጠፋል፣ ከዚያ አስፋልት። ቤቱ ግን ባለበት ነው። የድሮ ቤቶችን ደጃፍ ተመልከቱ። ወደ ቤት ለመግባት በፊት ሦስት ደረጃ ይወጣ የነበረበት ዛሬ አንድ ደረጃ ቀርቶታል። አንዳንዱ ጋ ጭራሽ ወደ ታች ይወረዳል። ደረጃው አልጠፋም፤ መሬቱ ውጦት ነው። ያን ጊዜ የመንገዱ ጎርፍ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመጣል። በግድግዳውና በመንገዱ መካከል ቦይ ካልተቆፈረ ቤቱ ክረምቱን ሙሉ ኩሬ ውስጥ ቆሞ ይከርማል።

መናፈሻውም ከዚህ ነፃ አይደለም። እንዲያውም በጣም ደግ ታስቦ የሚሠራ ጥፋት እዚህ አለ። ከአሮጌው ግድግዳ ሥር አፈር ተቆልሎ አበባ ይተከልበታል። ያምራል። ግን ግድግዳው ላይ እርጥብ አፈር ተለጠፈበት ማለት ነው፤ በየቀኑ ደግሞ ውኃ ይጠጣል። ከዚህ የከፋ ነገር ለጭቃ ግድግዳ የለም። አትክልቱ ከግድግዳው አንድ ሁለት ሜትር ይራቅ፤ በመሀል ጠጠር ይደፋበት። ባሕር ዛፍንማ ከቤት አጠገብ መትከል አይነሳ። ግድግዳ ቦርቡሮ መብራት መትከል፣ ለማስታወቂያ ሸራ ማሰሪያ ብሎን ማስገባት፣ እነዚህም እንደ ቀላል የሚታዩ ቁስሎች ናቸው።

ሐውልትስ?

ሐውልት ከቤቱ ይለያል። ቤት መጀመሪያ ለመኖሪያ ተሠርቶ ኋላ ቅርስ ይሆናል። ሐውልት ግን ገና ሲቆም ለማስታወሻ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ከሐውልት የምንጠይቀው ሌላ ነው። ማንን ነው የሚያስታውሰው? ማን አቆመው? መቼ? የሚገርመው ግን ብዙ የሰፈር ሐውልት ይህን እንኳ አይመልስም። ሰሌዳው ላይ የመረቀው ባለሥልጣን ስም በትልቁ ይጻፋል፤ የጀግናው ታሪክ ሁለት መስመር አይሞላም። የነሐስ ሐውልትን ወርቃማ ቀለም መቀባት፣ መቆሚያውን በመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ማልበስም እየተለመደ ነው። ማሳመር መሆኑ ነው።

ሐውልት ደግሞ የግድ ድንጋይ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ኃይለ ማርያም ማሞን የሚያስታውሰው ትምህርት ቤት ነው። ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ጣሊያን ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ጫጫ ላይ ጠብቆ የመታው አርበኛ ነው። በ1930 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ወደቀ። በስሙ በተጠራው ትምህርት ቤት ስንት ሺህ ልጅ እንደተማረ አስቡት። ማንነቱን የሚነግራቸው አንድ ሰሌዳ በሩ ላይ ቢኖር ከትልቅ ሐውልት ይበልጥ ይሠራል።

ሐውልት አንድ ዕድል አለው፤ ይነሳል፣ ይመለሳል። የሰላሌው ሰው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አዲስ አበባ ላይ በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሥራ ሲባል ተነቅሎ ነበር። ያኔ ስንት ሰው አለቀሰ! በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆመ። የጭቃና የካብ ቤት ግን ይህ ዕድል የለውም። «አፍርሰን ሌላ ቦታ እንመልሰዋለን» የሚል ቃል ሲሰጣችሁ በደንብ ጠይቁ። ድንጋዩ ቁጥር ተጽፎበታል ወይ? ፕላኑ ተነስቷል ወይ? ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ አለ ወይ? የለም ከተባለ የሚመለሰው ያ ቤት አይደለም። ሌላ ቤት ነው።

ዙሪያው

እ.ኤ.አ. በ1964 ቬኒስ ላይ የተሰበሰቡ የቅርስ ባለሙያዎች ያወጡት መርሕ አለ፣ የቬኒስ ቻርተር ይባላል። እስከ ዛሬ የሙያው መነሻ እሱ ነው። ሁለት ሐሳቡ ለእኛ ነገር ይጠቅመናል። አንዱ፣ ጥገና ግምት ከጀመረበት ቦታ ላይ መቆም አለበት ይላል። ሰገነቱ ምን እንደሚመስል ማስረጃ ከሌለ አዲስ ሰገነት ፈጥራችሁ አትቀጥሉበት። ሌላው፣ ቅርስ ከቆመበት አካባቢ አይነጠልም ይላል። ቤተ ክርስቲያኑን ጠብቀህ ጽዱን ብትቆርጥ ግማሹን አጠፋህ። ቤቱን አድሰህ ፊት ለፊቱ ሁሉንም የሚጋርድ የመስታወት ሕንፃ ብታቆም እንዲሁ።

መናፈሻው ጥሩ ዕድል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በትክክል ከተሠራ በአሮጌዎቹ ቤቶች መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ለሁልጊዜ ክፍት አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሕንፃ አይገባበትም። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቤቱን ያዩታል። ፎቅ ለመሥራት ያሰበ ባለሀብትም ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ የመናፈሻው ነገር በሰፈር ስብሰባ ሲነሳ «ስንት ወንበር ይደረጋል?» ከሚለው በፊት መጠየቅ ያለበት የመሬቱ ከፍታ ነው። ምን ያህል ይቆፈራል? የትኛው ጥግ? አፈሩ ወዴት ይሄዳል? ጎርፉስ ወዴት? ፕላኑ ላይ አሮጌዎቹ ቤቶች ተሥለዋል ወይስ ባዶ ነጭ ቦታ ሆነው ነው የሚታዩት? የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ ፈርሞበታል? መዘጋጃ ቤቱ ይህን ሲጠየቅ አይቆጣም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ ነው የሚታለፈው።

ቤቱ ካልተመዘገበ ደግሞ ማስመዝገብ የሚጀምረው ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። ባለቤት ወይም ተከራይ ብትሆኑ፣ የሰፈር ነዋሪም ብትሆኑ ጥቆማ መስጠት ትችላላችሁ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የቤቱን አራት ጎን ፎቶ አንሱ፤ በሩን፣ መስኮቱን፣ ደረጃውን፣ ጣሪያውን ለየብቻ። የሰፈሩን አዛውንት ማን እንደሠራው፣ ማን እንደኖረበት፣ ምን እንደተፈጸመበት ጠይቃችሁ በስልክ ቅዱ። እትዬ እገሌ ያሉትንና ጋሽ እገሌ ያሉትን ለየብቻ ያዙት፤ መለያየታቸው አይቀርም፤ ልዩነቱም ለባለሙያው ይጠቅመዋል። የድሮ ፎቶ ያለው ሰው ካለ ፎቶውን አትውሰዱበት፣ በስልክ አንሱት። ከዚያ ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጉና ለመዝገብ ቤት ስጡ። ቁጥርና ቀን የተመታበትን ቅጂ ይዛችሁ ውጡ። እስካቫተሩ አንድ ማለዳ በራችሁ ላይ ቢቆም የምታሳዩት እሱን ነው።